የድሮ ወታደራዊ የጨርቅ የሙያ ባጆችን መለየት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የልብስ ቁልፍ የሚጠራቀምበት ጣሳ ውስጥ ትገኛለች። ወይ አሮጌ ሻንጣ ኪስ ውስጥ፣ ወይ በጅምላ ከተገዛ ኮተት መሃል። መዳፍ የማትሞላ ቁራጭ ጨርቅ ናት፤ ላይዋ ላይ መዶሻ፣ የፈረስ ጫማ ወይም አንዲት ፊደል ተጠልፎባታል። "ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?" ከሚለው ጀምሮ ብዙ ጊዜ የምሰማቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። ምሳሌዎቼ በብዛት ከእንግሊዝ ጦር ናቸው። የሙያ ባጅ እዚያ በጣም የተለመደ ስለነበር በየሰብሳቢው እጅ የሚገባውም አብዛኛው ከዚያ የመጣ ነው። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሙያ ባጅ ከማዕረግ ምልክት በምን ይለያል?

ማዕረግ ሰውየው ማንን እንደሚያዝ ይናገራል። የሙያ ባጅ ደግሞ ሰውየው ምን እንደሚችል ይናገራል። ፈረስ ጫማ የሚመታ፣ ኮርቻ የሚሰፋ፣ መትረየስ የሚተኩስ፣ ሬዲዮ የሚሰራ ሰው ችሎታው በፈተና ሲረጋገጥ እጅጌው ላይ ይህን ምልክት ይሰፋለት ነበር። ተራ ወታደርም ይሁን ሃምሳ አለቃ ባጁን ማድረግ ይችላል። መኮንኖች ግን በአብዛኛው የሙያ ባጅ አያደርጉም። ስለዚህ እጃችሁ ላይ ያለው ባጅ በሙያው ለኖረ ሰው እንጂ ለጄኔራል የተሰፋ አይደለም። እኔን ወደዚህ ነገር የሳበኝም ይኸው ነው።

አንድ ባጅ እጄ ላይ አለ። ከየት ልጀምር?

ገልብጡት። ሁሉም ሰው ፊቱን አይቶ ይቸኩላል። ፊቱ ሥዕሉን ብቻ ነው የሚነግራችሁ፤ ዕድሜውንና እውነተኛነቱን የሚነግራችሁ ጀርባው ነው።

አንድ ምሳሌ በቅርበት እንይ። ከፊቴ የተጣመሩ መዶሻና ጉጠት ያሉበት ባጅ አለ። ጥልፉ ቀላ ያለ ቡናማ ሲሆን መደቡ ካኪ ሱፍ ነው። ፊቱ ደብዝዟል፤ የመዶሻው እጀታ ላይ ክሩ ሳስቶ ጨርቁ ብቅ ብሏል። ሲገለበጥ ግን ያው ክር ድምቅ ብሎ ይታያል፤ ለዓመታት ፀሐይ አላገኘውማ። ክሮቹ ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ያልተቆረጡ ረጃጅም መስመሮች ትተዋል። ዙሪያውን ከጫፉ ገባ ብሎ የመርፌ ቀዳዳዎች አሉ። እኩል ርቀት የላቸውም፤ አንድ ቦታ ተጠጋግተዋል፣ ሌላ ቦታ ተራርቀዋል። በእጅ የተሰፋ ነው ማለት ነው፤ ያውም መርፌ እምብዛም በማይወድ ሰው። በአንዱ ጥግ ሌላ ቀለም ያለው የክር ቁራጭ ቀርቷል። ይቺ ቁራጭ ባጁ አንድ ጊዜ ተፈትቶ እንደገና መሰፋቱን ትናገራለች፤ ምናልባት ልብስ ተቀይሮ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ያገኘነው ሥዕሉ ምን እንደሆነ ገና ሳንጠይቅ ነው። ከዚህ በኋላ የሚታየው ቅደም ተከተል ቀላል ነው። መጀመሪያ የመደቡ ቀለም የትኛው ኃይል እንደሆነ ይናገራል። ካኪ ሱፍ ከሆነ ምድር ጦር፣ ግራጫ የገባበት ሰማያዊ ከሆነ የእንግሊዝ አየር ኃይል፣ ጥቁር ሊባል የደረሰ ጥልቅ ሰማያዊ ከሆነ ባህር ኃይል ነው። ሳሳ ያለ፣ አሸዋማ ቀለም ያለው የጥጥ ጨርቅ ከሆነ የሙቀት አገር ልብስ ላይ የነበረ ነው። ሥዕሉ ከዚያ ይቀጥላል፤ ዘመኑ ደግሞ መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ሥዕሎቹ ምን ማለት ናቸው?

ብዙዎቹ ምንም አይደብቁም። የእንግሊዝ ምድር ጦር ባጆች ላይ የፈረስ ጫማ ማለት የፈረስ ጫማ የሚመታ ባለሙያ ነው። ልጓም ኮርቻ ሰሪን፣ የሠረገላ ጎማ ደግሞ ጎማ ሰሪና አናጢን ያመለክታል። ፈረሰኛ ተረከዙ ላይ የሚያስረው የፈረስ መኮርኮሪያ ፈረስ የሚገራ ወይም ግልቢያ የሚያስተምር ሰው ምልክት ነው። የተጣመሩ መጥረቢያዎች መንገድ ጠራጊውን፣ የተጣመሩ ጎራዴዎች የአካል ብቃት አሰልጣኙን፣ የተጣመሩ ጠመንጃዎች አልሞ ተኳሹን ይለያሉ። ከበሮ፣ ጥሩምባና ክራር መሰል መሣሪያ ካያችሁ ሰውየው ሙዚቀኛ ነው፤ ብዙ አትመራመሩ።

መዶሻና ጉጠት ግን ሰፊ ነው። ጠመንጃ ጠጋኝ፣ ቀጥቃጭ፣ መካኒክ፣ ሌላም በብረትና በማሽን የሚሰራ ብዙ ሰው አድርጎታል። ባጁን ብቻ አይቶ "ይሄ ጠመንጃ ጠጋኝ ነበር" ማለት አይቻልም። የት ክፍል እንደነበረ የሚያሳይ ሌላ ነገር ያስፈልጋል።

የሚነድ የእጅ ቦምብም እንደዚያው ያሳስታል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በቀይ ጨርቅ የተሰራው የሰለጠነ ቦምብ ወርዋሪን ያመለክታል። የመሐንዲስ ክፍል ሃምሳ አለቆችም ከማዕረጋቸው በላይ የሚነድ ቦምብ ያደርጉ ነበር። በዚያው ቦታ የመድፈኛ ሃምሳ አለቃ የሚያደርገው ትንሽ መድፍ ነው።

እኔ ያለኝ ፊደል ብቻ ነው ያለበት። ምንድን ነው?

መጀመሪያ ፊደሉ በምን እንደተከበበ እዩ። በምድር ጦር ባጅ ላይ ፊደሉ አብዛኛውን ጊዜ በቅጠል ጉንጉን ውስጥ ነው። "ኤል ጂ" የሉዊስ መትረየስ ተኳሽ ነው። "ኤም ጂ" የመትረየስ ተኳሽ፣ "ኤች ጂ" የሆችኪስ መትረየስ ተኳሽ ነው። "ኤል" ብቻዋን ከቆመች መድፉን አነጣጥሮ የሚያስተካክለው ሰው ምልክት ናት።

ፊደሉ ከአንድ ክንፍ ጋር ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ይህ የበረራ ሠራተኛ ምልክት ነው፤ እጅጌ ላይ ሳይሆን ግራ ደረት ላይ ይሰፋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት "ኤ ጂ" የአውሮፕላን ተኳሽ ነው። ከ1942 ጀምሮ የመጣው "ኤን" አቅጣጫ መሪ ሲሆን "ቢ" ቦምብ ጣይ፣ "ኢ" የበረራ መሐንዲስ ነው። እነዚህን መኮንንም ያደርጋቸዋል። በጥብቅ ካየነው የሙያ ባጅ አይባሉም፤ ግን በአንድ ሳጥን ውስጥ ተቀላቅለው ስለሚመጡ ማወቁ አይከፋም።

ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ውስጥ ፊደል ካለ ባህር ኃይል ነው። "ደብልዩ" ጸሐፊ፣ "ሲ" ወጥ ሠሪ ነው። ኮከቡን አይተው ሃይማኖታዊ ነገር ነው ብለው የሚገምቱ ሰዎች ገጥመውኛል። አይደለም፤ የመርከቡን ወጥ የሚሠራው ሰው ነው።

ፕሮፔለር ያለበት ባጅ አገኘሁ። አብራሪ ነበር ማለት ነው?

አይደለም። ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል፤ መልሱም ብዙ ጊዜ ጠያቂውን ያስከፋል። ፕሮፔለር አብራሪን አያመለክትም።

በእንግሊዝ አየር ኃይል ባለ ሁለት ምላስ ፕሮፔለር አግድም ተሰፍቶ ካያችሁ፣ ባለቤቱ ከተራው ሠራተኛ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ መሬት ላይ የሚሰራ ሰው ነው። ባለ ሦስት ምላሱ ከ1951 የሙያ ደረጃዎች ለውጥ ጋር የመጣ የቀጣዩ ደረጃ ምልክት ነው። ባለ አራት ምላሱ ደግሞ የቴክኒሻኖች ነው። በ1951 ለጀማሪ ቴክኒሻን የተሰጠው ጫፉ ወደ ላይ የዞረ አንድ የ"ቪ" መስመር ነበር፤ በ1964 በባለ አራት ምላስ ፕሮፔለር ተተካ። ስለዚህ ምላስ መቁጠር ዕድሜ መቁጠርም ነው።

ያው ባለ ሦስት ምላስ ፕሮፔለር በጥልቅ ሰማያዊ መደብ ላይ በቀይ ክር ከተጠለፈ፣ ይባስ ብሎ ከላይ ኮከብ ካለው፣ አውሮፕላን ጨርሶ እርሱት። የመርከብ ፕሮፔለር ነው። ባለቤቱም ከመርከቡ ሆድ ውስጥ ማንደጃው ጋር በሙቀትና በከሰል ጥቀርሻ የኖረ ሰው ነው። በአሜሪካ ባህር ኃይልም ፕሮፔለር የመርከብ ሞተር ሠራተኛ ምልክት ነው፤ ከላዩ ንስር ከሥሩ የማዕረግ መስመር ስላለው ግን ከእንግሊዙ ጋር አይምታታም።

አንድ ዓይነት ሥዕል በወርቅ፣ በቀይና በሰማያዊ አለኝ። ሦስት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው?

አንድ ሙያ ነው፤ ልብሱ ነው የተለያየው። የእንግሊዝ ባህር ኃይል መርከበኛ በክብር ልብሱ ላይ የሚሰፋው ባጅ በወርቀ ዘቦ የተሰራ ነው። በዘወትር የሱፍ ልብሱ ላይ ያው ባጅ በቀይ ክር ይሆናል። በሙቀት አገር ነጭ ልብስ ላይ ደግሞ በሰማያዊ ክር በነጭ ጨርቅ ላይ ይጠለፋል። በሴቶቹ ክፍል ልብስ ላይ ባጆቹ በጥልቅ ሰማያዊ መደብ ላይ በፈካ ሰማያዊ ክር ነበሩ።

ከሥዕሉ በላይና በታች ያሉት ኮከብና ዘውድ ደረጃ ይናገራሉ። ሰውየው በሙያው ከፍ ባለ ቁጥር ይጨመሩለታል። የተጣመሩ መድፎች የመድፍ ሰው ነው፣ ቶርፔዶ የቶርፔዶ ሰው። ክንፍና መብረቅ የቴሌግራፍ ሠራተኛውን፣ የተጣመሩ የስፖርት ዱላዎች አሰልጣኙን ያሳያሉ። በክብ ውስጥ ያለ ቀይ መስቀል የሕክምና ረዳት ነው።

የወርቀ ዘቦው ነገር አንድ ምክር ይፈልጋል። ጠቁሮ ብታገኙት አትደንግጡ፤ የብረት ክር ከዓመታት በኋላ ይጠቁራል። እንደውም "የ1930ዎቹ ነው" ተብሎ እንደ ቢጫ መብራት የሚያበራ ዘቦ ነው ሊያጠራጥራችሁ የሚገባው።

ዘውዱን አይቶ ዘመኑን ማወቅ ይቻላል ይባላል። እውነት ነው?

ለእንግሊዝና በዘውዷ ሥር ለነበሩ አገሮች ባጆች፣ አዎ። ከሁሉም የሚበልጠው የዘመን መለያ እሱ ነው። ከ1901 በፊት በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የነበረው ዘውድ የራሱ ቅርጽ ነበረው። ከ1901 እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ የነበረው የንጉሥ ዘውድ ደግሞ ቅስቶቹ ወደ ላይ እየከበቡ እንደ ጉልላት ይገናኛሉ። ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1952 ከነገሠች በኋላ የመጣው ዘውድ ቅስቶቹ መሃል ላይ ጎድጎድ ይላሉ፤ ከላይ ሁለት ትከሻ ያለው ይመስላል። ጉልላት ከሆነ የንጉሥ፣ ትከሻ ካለው የንግሥት ብላችሁ ያዙት።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው፣ ዘውድ ሲቀየር መጋዘን ውስጥ ያለ ዕቃ አይቃጠልም። የንጉሥ ዘውድ ያለው ባጅ ከለውጡ በኋላም ጥቂት ዓመት መሰፋቱ ያለ ነው። ሁለተኛው አዲስ ነው፤ ንጉሥ ቻርልስ በ2022 ከነገሠ በኋላ ጉልላቱ ዘውድ ተመልሶ መጥቷል። "ጉልላት ካየህ ከ1953 በፊት ነው" የሚለው የድሮ ሰብሳቢዎች ሕግ ዛሬ ብቻውን አይሰራም። አዲስ የተሠራ ባጅ በአሮጌ ዋጋ ሊሸጥላችሁ ይችላል። በዚህም ጉዳይ መፍትሔው ጀርባውን ማየት ነው።

በየትኛው ክንድ ላይ ነበር የሚሰፋው? ለውጥ አለው?

ብዙ ለውጥ አለው። በእንግሊዝ ምድር ጦር የተኩስና የችሎታ ባጆች በአብዛኛው ግራ እጅጌ ላይ፣ ከክርን በታች ነበሩ። የሃምሳ አለቃ ሙያ ባጆች ደግሞ ከላይ ክንድ ላይ፣ ከማዕረጉ መስመር በላይ ይሰፉ ነበር። በአየር ኃይል መብረቅ የጨበጠው እጅ፣ ማለትም የሬዲዮ ሠራተኛው ምልክት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቀኝ ክንድ ላይ ነበር። በባህር ኃይል የሙያ ባጅ ቀኝ ክንድ፣ የማዕረግ መልህቅ ግራ ክንድ ላይ ይሰፋል።

እጅጌ ላይ ያለ ሁሉ ግን ሙያ አይደለም። በግራ እጅጌ ታችኛው ክፍል ጫፋቸው ወደ ላይ የዞረ "ቪ" መስመሮች የመልካም ጠባይ ናቸው። ከ1916 ጀምሮ በግራ ክንድ የሚሰፋው ቀጥ ያለ የወርቅ መስመር የቆሰለ ወታደር ምልክት ነው። በቀኝ እጅጌ ታች ያሉት ትንንሽ "ቪ"ዎች ደግሞ የአገልግሎት ዓመት ይቆጥራሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሦስት "ቪ" የነበረው መርከበኛ ሃምሳ አለቃ መስሏችሁ እንዳትሸወዱ። 13 ዓመት በመልካም ጠባይ ያገለገለ ሰው ነው፤ ለ3 ዓመት አንድ፣ ለ8 ዓመት ሁለት፣ ለ13 ዓመት ሦስት ይሰጥ ነበር። በእነዚህ ዓመታት ማዕረጉ ተራ መርከበኛ ሆኖ ሊቀርም ይችላል።

የአሜሪካና የጀርመን ባጆችስ?

የአሜሪካ ባህር ኃይል ባጅ ሁሉንም በአንድ ጨርቅ ላይ ያከማቻል። ከላይ ንስር፣ መሃል የሙያ ሥዕል፣ ከሥር የማዕረግ መስመሮች አሉት። የተጣመሩ ቁልፎች ዕቃ ግምጃ ቤት ናቸው፤ የተጣመሩ የላባ ብዕሮች ጸሐፊ፣ የመርከብ መሪ የአቅጣጫ ሰው፣ አራት መብረቆች የሬዲዮ ሠራተኛ ናቸው። የሕክምና ረዳቱ እስከ 1948 ቀይ መስቀል ነበረው፤ ከዚያ ወዲህ እባቦች በተጠመጠሙበት ባለ ክንፍ በትር ተተካ። እስከ 1940ዎቹ መጨረሻ የመርከብ ወለል ሙያዎች በቀኝ፣ ሌሎቹ በግራ ክንድ ይሰፉ ነበር። በኋላ ሁሉም ወደ ግራ ተዛወረ። ስለዚህ የቀኝ ክንድ ባጅ ካገኛችሁ ከዚያ በፊት የተሰራ ነው።

በአሜሪካ ምድር ጦር ከ1942 እስከ 1948 ከማዕረግ መስመር ሥር "ቲ" የተጠለፈበት ቴክኒሻን ነው። የምድር ጦሩ የአየር ክፍል ደግሞ እጅጌ ታች የሚሰፋ ሰማያዊ ሦስት ማዕዘን ነበረው። ቦምብ ካለበት የጦር መሣሪያ፣ ካሜራ ካለበት የፎቶ ባለሙያ ነው።

የጀርመን ምድር ጦር ባጅ በጥልቅ አረንጓዴ ክብ ላይ በቢጫ የተጠለፈ ሲሆን በአብዛኛው ቀኝ እጅጌ ታች ይሰፋል። ፊደሎቹ ጎቲክ የሚባለው የድሮ አጻጻፍ ቅርጽ ስላላቸው ለማንበብ ያስቸግራሉ። "ኤፍ" የጥይትና ፈንጂ ኃላፊ ነው። የፈረስ ጫማ ያው የፈረስ ጫማ ነው፤ በበትር ላይ የተጠመጠመ እባብ ሕክምና ነው። የመገናኛ ሰው መብረቅ ግን ግራ ክንድ ላይ ከፍ ብሎ ይሰፋል። የጀርመን ባህር ኃይል ልዩ ሥልጠና ባጆች ደግሞ በጥልቅ ሰማያዊ መደብ ላይ ቀይ ናቸው፤ ከእንግሊዙ የዘወትር ባጅ ጋር የሚምታቱትም በዚህ ነው።

ወታደራዊ መሆኑን እንዴት እርግጠኛ እሆናለሁ?

እዚህ ላይ የራሴን ሽንፈት ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ የተጣመሩ ባንዲራዎች ያሉበት ክብ ባጅ አገኘሁ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት መልእክት አስተላላፊ ነው ብዬ ለሳምንት ያህል ላገኘሁት ሰው ሁሉ አሳየሁ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ሰብሳቢ ተቀብለውኝ ገለበጡት፣ ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱት፣ ፈገግ አሉና "ልጄ፣ ይሄ የስካውት ነው" አሉኝ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የባንዲራ ምልክት ፈተና አልፎ ያገኘው ነበር።

ስካውቶች፣ ማለትም የልጆችና የወጣቶች ማኅበር አባላት፣ በደርዘን የሚቆጠሩ የችሎታ ባጆች አሏቸው። አብዛኞቹ ክብ ናቸው፣ ብዙዎቹም ካኪ። የእሳት አደጋ፣ የባቡር፣ የቀይ መስቀል፣ የወጣት ካዴቶች ባጅም አለ። ባጁ ፍጹም ክብ ከሆነ፣ ዙሪያው በጥልፍ መስመር ከታሰረና ሥዕሉ እንደ ምግብ ማብሰል ወይም ዋና ያለ የሰላም ነገር ከሆነ መጀመሪያ ስካውትን አስቡ። የእንግሊዝ ምድር ጦር ባጅ ብዙ ጊዜ የሥዕሉን ቅርጽ ተከትሎ ወይም በአራት ማዕዘን የተቆረጠ ነው።

ፎርጂድ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ፎርጂድ ሠሪ ልፋቱን የሚመልስለትን ነገር ነው የሚሠራው። ስለዚህ የፓራሹት ክንፍ፣ የበረራ ምልክትና የጀርመን ባጅ በብዛት ይመሰላሉ። ተራውን የፈረስ ጫማ ለማስመሰል የሚደክም ሰው ጥቂት ነው። ከነጭራሹ የለም ማለቴ ግን አይደለም።

እኔ የማያቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው። ጠርዙ ዙሪያውን ወፍራም ሆኖ እንደ ገመድ ከተዘመዘመ፣ በአሜሪካ ባጆች ላይ ይህ ከ1960ዎቹ ወዲህ የተስፋፋ አሠራር ነው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባጅ ጠርዙ ሜዳና ቀጭን ነው። ጀርባው ላይ ፕላስቲክ መሰል ሽፋን ወይም በካውያ የሚለጠፍ ማጣበቂያ ካለ ጣጣ ውስጥ አትግቡ፤ አዲስ ነው። የሚጣበቅና የሚላቀቅ ቬልክሮ ካለማ ጨርሶ ማውራትም አያስፈልግም። ጥልፉ በኮምፒውተር እንደተለካ ፍጹም እኩል ከሆነም ጠርጥሩ።

ሰው ሰራሽ እርጅና ደግሞ ራሱ ይናገራል። በሻይ ወይም በቡና የተነከረ ባጅ ፊቱም ጀርባውም እኩል ይበልዛል፤ አንዳንዴ ሽታውም አለ። እውነተኛ እርጅና አድሏዊ ነው። ፊቱን ያደበዝዛል፣ ከስፌቱ ሥር ያለውን ይተዋል። ብልም ቢሆን ምርጫ አለው፤ ሱፉን በልቶ የጥጥ ክሩን ትቶ ይሄዳል።

የዩቪ መብራትና የእሳት ፈተናስ ያዋጣሉ?

የዩቪ ባትሪ፣ ማለትም ዓይን የማያየውን አልትራቫዮሌት ጨረር የሚያበራ ባትሪ፣ ጥሩ ረዳት ነው፤ ዳኛ ግን አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በልብስ ሳሙናና በክር ውስጥ ነጭ የሚያደምቅ ኬሚካል እየተለመደ መጣ። በጨለማ ዩቪ ሲበራበት ይህ ኬሚካል ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ይንቦገቦጋል። ስለዚህ "የ1917 ነው" የተባለ ባጅ እንደ ዲስኮ ካበራ ጥርጣሬው ትክክል ነው። ነገር ግን አንዲት አያት እውነተኛውን ባጅ በ1970ዎቹ በዱቄት ሳሙና አጥበውት ከሆነም ያበራል። በተቃራኒው፣ አዲስ ክር ሁሉ አያበራም።

እሳቱን በባጁ ላይ እንዳትሞክሩ! ከጀርባው የተንጠለጠለች የክር ጫፍ ካለች ብቻ እሷን ቆርጣችሁ በወረንጦ ይዛችሁ አቃጥሉ። ሱፍ እንደ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይደቅቃል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል። ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ይሆናል፤ ይህ ክር የተስፋፋው ከ1950ዎቹ ወዲህ ስለሆነ የጦርነቱ ዘመን ባጅ ላይ ቦታ የለውም። የሚያብረቀርቅ ክር ሁሉ ግን አዲስ አይደለም። ሬዮን የሚባለው ሰው ሰራሽ ሐር ከሁለቱም ጦርነቶች በፊት ነበር፤ ሲቃጠልም እንደ ጥጥ ነው።

ባጁ የለኝም፤ ያለኝ የአያቴ ፎቶ ብቻ ነው።

ፎቶ ከባጁ ይበልጣል የምልበት ጊዜ አለ፤ ባጁ የተሰፋበትን ቦታ ያሳያላ። መጀመሪያ ግን ፎቶው የተገለበጠ እንዳይሆን አረጋግጡ። የወንድ ኮት በአብዛኛው ግራው በቀኙ ላይ ይደረባል፤ ሜዳሊያ ግራ ደረት ላይ ነው። እነዚህ ከተቃረኑ ግራና ቀኝ ተቀያይሯል ማለት ነው።

ቀለምም ያታልላል። የድሮ ፊልሞች ብዙዎቹ ቀይ ብርሃን አይቀበሉም ነበር፤ ሰማያዊን ደግሞ አብዝተው ይቀበላሉ። ስለዚህ ቀይ የነበረው ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ የፈካው ሰማያዊ ነጭ ይመስላል። ያ ጥቁር የሚመስለው ቦምብ በእውነቱ ደማቅ ቀይ ሊሆን ይችላል።

የባጁን ባለቤት ማግኘት ይቻላል?

በባጁ ብቻ አይቻልም። ባጁ ሙያ እንጂ ስም አይናገርም። አብሮት የደመወዝ ደብተር፣ የስንብት ወረቀት ወይም ቁጥር ያለው ዕቃ ካለ ግን መንገድ አለ፤ ሙያው እነዚህ ወረቀቶች ላይ ይጻፋልና። መዝገቦቹም ቢሆኑ ጎዶሎ ናቸው። የእንግሊዝ ወታደሮች የአንደኛው የዓለም ጦርነት መዝገቦች ከግማሽ በላይ በ1940 በለንደን የቦምብ ድብደባ ተቃጥለዋል። በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ በሐምሌ 1973 የተነሳው እሳት ከ16 ሚሊዮን በላይ ፋይሎች አጥፍቷል። ለአንዳንድ ቤተሰብ ሰውየው ምን ይሠራ እንደነበር የሚመሰክር የቀረው ነገር ያቺ ቁራጭ ጨርቅ ናት።

ልጠበው? ልተኩሰው?

ሁለቱንም አታድርጉ። ቀይ ክር ውሃ ሲነካው ቀለም ይለቃል፤ ሱፍ ይኮማተራል። ካውያ የጥልፉን ከፍታ ይጨፈልቀዋል። ወርቀ ዘቦን በብረት መወልወያ ማሸት ደግሞ ክሩን መላጥ ነው። አቧራውን ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል። ብል ከጠረጠራችሁ ባጁን በደንብ በታሸገ ፌስታል አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ ለሁለት ሳምንት አስቀምጡት። ሲወጣ ፌስታሉን ወዲያው አትክፈቱ፤ ክፍሉን እስኪለምድ ጠብቁ፤ አለዚያ ጤዛ ይይዘዋል። አልበም ላይ በሙጫ ወይም በፕላስተር መለጠፍም ይቅር።

ባጁ አሁንም ኮቱ ላይ እንደተሰፋ ነው። ለብቻው ላስቀምጠው ብፈታውስ?

በፍጹም። ኮቱ ላይ እያለ የትኛው ክንድ፣ ከማን በላይ፣ በምን ዓይነት ክር፣ ከየትኛው ክፍል ምልክት ጋር እንደነበር ሁሉም ይታያል። መቀሱ ክሩን እንደቆረጠው ይህ ሁሉ ይጠፋል፤ የሚቀራችሁ አንድ ባጅና እጅጌው ላይ ያልደበዘዘ ባዶ ቅርጽ ነው። ቀድሞ ተፈትቶ ከሆነም ያንን ቅርጽ ፎቶ አንሱት፤ ከአጠገቡ ማስመሪያ አድርጉ። አንዳንዴ የጠፋ ባጅ የሚለየው በተወው ጥላ ነው።